የአሮጌው ፕሌይስቴሽን የእጅ ፍሬን

ሰኞ

ወንበሬን ተነጠቅሁ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ወንበር ጠፍቶ አይደለም፤ ሞልቷል። የኔ የምለው ግን አንድ ነው፦ አንድ እግሩ የሚነቃነቅ፣ መደገፊያው የጀርባዬን ቅርጽ የያዘ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት የሚቀመጥ። ሰው ስንት ዓመት ሙሉ ወንበር ሲገራ ኖሮ ለሌላ ያስረክባል? ዳኛ ቢገኝ ዛሬውኑ በከሰስሁ።

የባሰው ደግሞ ነጣቂዬ ቴሌቪዥን አለማየቱ ነው። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር ያያል። ቆርቆሮ ለማየት የኔ ወንበር ምን ያደርግለታል? በርጩማ ይበቃው ነበር።

ነጣቂው ታላቅ ወንድሜ ጌታነህ ነው፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ዕድሜውን የጨረሰው አውቶቡስ ሲነዳ ነው፤ ከዚህ ከደብረ ብርሃን አንኮበር፣ ከአንኮበር ቁልቁል አሊዩ አምባ። ባለፈው ክረምት ደም ግፊቱ ተነሥቶ ቀኝ ጎኑን መታው። እግሩ ተመለሰ። ምላሱም ተመለሰ፤ እሱን እንኳ ትንሽ ቢያቆዩልን ባልከፋን። ቀኝ እጁ ግን አልተመለሰም። ለሕክምናው እንዲቀርብ ብለን ከአንኮበር አምጥተን እኔ ቤት አስቀመጥነው።

ልጁ ፍሬሕይወት እዚሁ ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ሐኪም ቤት የምታመላልሰው እሷ ናት። የሐኪም ቤቱ የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ ያላትን ትናንት ደግማ ነገረችኝ፦ እጁ አልሞተም፣ ጣቶቹ ሊታዘዙ ይችላሉ፣ ካላሠራቸው ግን እየደረቁ ይሄዳሉ። እንዲጨብጣት የላስቲክ ኳስ ሰጥተውት ነበር። ለድመቷ ሰጣት። እንግዲህ ከቤታችን እጇ የጠነከረው ድመቷ ናት።

ጭንቁ ሰው አለማየቱ ነው። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመዶቻችን ከመዘዞ ሊጠይቁት መጡ። በሩ ሲንኳኳ እጁን ጋቢው ውስጥ ከትቶ ጓዳ ገባና ተኛ። ማንኮራፋቱ የውሸት ነበር፤ የእውነተኛውን በልጅነታችን አንድ መደብ ላይ ስንተኛ ጠግቤዋለሁ። ከሄዱ በኋላ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቅሁት።

«ልጠይቅህ ብሎ ለመጣ ሰው ግራ እጄን ልስጠው?» አለኝ።

በሹፌር መስኮት እጁን አውጥቶ የመንገዱን ሰው ሁሉ ሲጨብጥ የኖረ ሰው ነው። አሁን እጁ ካልሠራ ሰው አያይም፤ ሰው ካላየ ደግሞ እጁን የሚያሠራበት ምክንያት የለውም። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እዚያው።

ከሰዓት በኋላ ሽቦ የምበይድበትን ስታኞ ፍለጋ ቁም ሳጥኑ ላይ ስንጠራራ አንድ ካርቶን አናቴ ላይ ወደቀ። ውስጡ ፕሌይስቴሽን። ያ የድሮው፣ ጥቁሩ፣ ወፍራሙ። ሰፈራችን ጌም ቤት የነበረው ጎረምሳ ቤቱን ሲዘጋ፣ ካልሠራልህ በር ደግፍበት ብሎ ሰጥቶኝ ነበር። አብረውት ሲዲዎች አሉ፤ አንዱ ላይ መኪና አለ፣ ከመኪናው ጎን ገደል አለ።

የሹፌር እጅ ኳስ ይንቅ ይሆናል። መሪ ግን ይንቃል?

ማክሰኞ

ፈታሁት። እኔ ዲሽ ተክዬ፣ ሪሲቨር ጠግኜ የምኖር ሰው ነኝ። ያስተማረኝ የለም፤ የተበላሸ ዕቃ ራሱ ያስተምራል። የፕሌይስቴሽን ሆድ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። እንደ ቆንጆ ሞሰብ ነው፤ ሁሉም ነገር በቦታው ተሰድሯል።

ከሆዱ የወጣ፦ የአንድ በግ ግማሽ የሚሆን ሱፍ (ብርድ ልብስ የማይራገፍበት ቤት የት አለ?)፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የታኘከ ማስቲካ፣ አንድ የደረቀ በረሮ። በረሮውን አስካለ እንዳታየው በወረቀት ጠቀለልሁት። አስካለ ባለቤቴ ናት፤ እኔንም ከነካርቶኔ ልታስወጣኝ ምክንያት ስትፈልግ ነው የምትውለው።

ሲዲ ከትቼ አስነሣሁት። ዞረ፣ ዞረ፣ ዓይኑ እንደደከመ ሽማግሌ አተኮረና አልታየኝም ብሎ ተወው። ሌንሱ አልቋል። በአልኮል ጠረግሁት፤ አንዴ አነበበና መልሶ ሰነፈ።

ልቤን የሰረቀው ግን ኋላው ነው። ከበስተጀርባ ያለውን ክዳን ሳነሣ ባዶ ቦታ አገኘሁ፤ ሃርድ ዲስክ ልክክ ብሎ የሚገባበት። ለካ ጨዋታውን ከሲዲ ትቶ ከሃርድ ዲስክ ማንበብ ይችላል። ጎተራ ከሰጠኸው ዓይን አያስፈልገውም ማለት ነው። ይኸን ሳውቅ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከአሮጌ ኮምፒውተር ያወጣሁት ሃርድ ዲስክ ነበረኝ፤ ያ ሰፊ ጠፍጣፋ ገመድ የሚሰካበት ዓይነት። ማገናኛውን ፍለጋ በባጃጅ ስልክ ጠጋኞች ዘንድ ወረድሁ። አንደኛው ከጠረጴዛው ሥር ከአቧራ ውስጥ ጎትቶ አወጣልኝ። አንዲት ሚሞሪ ካርድም መረቀልኝ፤ ጌም ቤቶች የሚጠቀሙባት ናት፣ መሣሪያው ሲነሣ ሲዲውን ረስቶ ሃርድ ዲስኩን እንዲያይ የምታደርግ ፕሮግራም አለባት።

ጠረጴዛው ላይ ስዘረግፈው ጋሼ ከመስኮቱ ዘወር ብሎ አየኝና አሮጌ ለአሮጌ ተገናኛችሁ አለ። ስድቡን ንቄዋለሁ። ዘወር ማለቱን ግን መዝግቤያለሁ።

ረቡዕ

ጠዋቱን ሙሉ አልሠራ አለኝ። ሃርድ ዲስኩ ያንሾካሹካል፣ መሣሪያው አይሰማውም። ገመዱን ቀየርሁ። ካርዷን ነቅዬ ሰካሁ። ለመንሁት። ሰደብሁት። ጋሼ ከወንበሬ ላይ ሆኖ፣ ምናልባት ጥሩ ሠራተኛ ይፈልግ ይሆናል አለ።

ችግሩ ጃምፐር የምትባል ነገር ናት። ከዲስኩ ጀርባ የምትሰካ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል። አንዱ ቦታ ስትሰካ ዲስኩ አለቃ ነኝ ይላል፤ ሌላው ቦታ ስትሰካ ረዳት ነኝ ይላል። የኔው ዲስክ ለካ ረዳት ሆኖ አለቃውን እየጠበቀ ነው። ሹፌር በሌለበት ረዳት ሲጮህ ቢውል አውቶቡስ ይሄዳል? በፒንሳ ነቅዬ ቦታዋን ቀየርሁ። ተነሣ። እልል ለማለት ምንም አልቀረኝም፤ ጎረቤት ልጅ ተወለደ እንዳይል ብዬ ነው የተውሁት።

በምሳ ሰዓት ፍሬ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። በመሣሪያው ዓይን አልነበብ ያለው ሲዲ በላፕቶፗ ተነበበ፤ የተራራውን መኪና ውድድር ወደ ሃርድ ዲስኩ ገለበጥነው። በጨዋታ አሳብቤ የጋሼን እጅ ላሠራ ማሰቤን ስነግራት ፍሬ አሰበችና አባዬን የምታታልለው በጎ ነገር ላይ እንድታደርሰው ከሆነ እኔም አግዛለሁ አለች። ላፕቶፗንም ትታልኝ ሄደች። ጥሩ ልጅ ናት። በኔ ወጥታለች።

ከዚያ አንድ ደንበኛዬ ዲሹን ንፋስ አዙሮበት ጠራኝና ወጣሁ። ስመለስ ቤቱ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ ፕሌይስቴሽኑ የለም፤ በምትኩ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ገለጥሁት። መሣሪያው እንደ ዳቦ ግሏል። አስካለ ውስጡ ያለው ነገር ሲንቀጠቀጥ ሰምታ ብርድ ይዞት መስሏታል፤ የዛሬውን ውርጭ አላየህም ወይ ትለኛለች። ከሱፍ አጽድቼው ነበር፣ መልሳ ሱፍ ውስጥ ከተተችው። ደብረ ብርሃን የሚንቀጠቀጥ ሁሉ ይለብሳል፤ አልፈርድባትም። ማራገቢያው ትንፋሽ አጥሮት ራሱን አጥፍቶ ነበር። ቀዝቀዝ ሲል ተነሣ። እኔም አብሬው ተነሣሁ።

ሐሙስ

የዛሬው ሥራ ጆይስቲኩ ነው። ጆይስቲክ ለሁለት እጅ የተሠራ ነው፤ በግራው ትመራለህ፣ በቀኙ ቤንዚን ትሰጣለህ። ጋሼ ያለው አንድ እጅ ነው። ስለዚህ ከፈትሁትና ሽቦዎቹን ተከታተልሁ። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ጫፍ ብቻ ነው፤ ሲነካኩ ተጫነ ይባላል። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። እነዚያን ሁለት ጫፎች በረጅም ሽቦ ካወጣኋቸው፣ ቁልፉ እግር ሥርም ሊሆን ይችላል፣ ኩሽና ውስጥም።

እግር ሥር አልሁ። የአስካለ ስፌት መኪና የኤሌክትሪክ ፔዳል አለው። የሹፌር እግር ፔዳል ያውቃል። ስታኞ አቅልጬ አገናኘሁት። ፍሬኑን ደግሞ በግራ አመልካች ጣት በኩል አደረግሁት። አስካለ ፔዳሏን ስትፈልግ አገኘችውና ምን እንዳለችኝ እዚህ አይጻፍም፤ ዋናው ነገር የግማሽ ጎረቤት ቀሚስ በእጅ እየተሰፋ መሆኑ ነው።

ሞከርሁት። በግራ እጄና በእግሬ ብቻ ያን ተራራ ወረድሁ። ምን ያህል ኩራት እንደተሰማኝ። ፍሬ ከሥራ ስትመጣ ቀኝ እጄን ኪሴ ከትቼ እየነዳሁ ጠበቅኋት። እዪው፣ ቀኝ እጅ ጨርሶ አያስፈልግም አልኋት።

ቆማ አየችኝ። ከዚያ ረጋ ብላ፣ «አጎቴ፣ ግራውን ማን አመመው?» አለች።

አሁን ይኸን ስጽፍም ጆሮዬ ይግላል። ቀኝ እጁን ላሠራ ተነሥቼ ቀኝ እጁ እረፍት የሚወጣበት ዕቃ ሠርቼ ቁጭ አልሁ። በዚያ ላይ ጋሼ ራሱ ዞር ብሎ አላየውም። የልጅ መጫወቻ ነው አለ፤ አጥሩን ማየቱን ቀጠለ። ቢያንስ እሱ የተነሣበትን ነገር አልረሳም።

ዓርብ

ወንበሩን አላዞር ካለ ቴሌቪዥኑን አዞርሁት። አሁን መስኮቱ ሥር ቆሟል፤ ቆርቆሮ ማየት የፈለገ በቴሌቪዥኑ በላይ አንገቱን አስግጎ ይይ። ቀኝ እጁን ነገ አስብለታለሁ፤ መጀመሪያ ሰውየው ይቀመጥልኝ።

ጠዋት አንድ አዲስ ነገር ተምሬያለሁ። የጨዋታው መኪና ቀለም፣ ተተርትሮ እንደተዘረጋ ልብስ፣ ሥዕል ሆኖ ፋይሉ ውስጥ ይተኛል። ሥዕሉን አውጥተህ ቀብተህ ብትመልሰው መኪናዋ አዲሱን ለብሳ ትመጣለች። አንዷን ጋሼ ይነዳት እንደነበረችው አውቶቡስ አረንጓዴ ቀባኋት፤ መስኮትም ሣልሁላት። በመጀመሪያው ሙከራ ልብሱን ገልብጣ ለበሰችው፤ መስኮቶቹ ጎማው ሥር ወጡ። ሁለተኛው አማረባት። ታዲያ ጨዋታው መኪናዋን የሚያሳየው ከኋላ ነው፤ የሚነዳው ሰው ሲያይ የሚውለው ጀርባዋን ነው። እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ዝም ብሎ ይታለፋል? በትልልቁ የራሴን ስም አስገብቼ «ሞላ ይበልጣል» ብዬ ጻፍሁበት።

አበራሁና ፔዳሉን እግሩ ሥር፣ ጆይስቲኩን በግራው አኑሬ ወጥ ቤት ገባሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ ጠበቅሁ። ከዚያ፦

«አንተ ሞላ፣ አውቶቡሴ ላይ ይኸን ውሸት የጻፈው ማነው?»

ታች ካደረሳት እንደምፍቀው ነገርሁት።

ነዳ። አነዳዱን ግን ማን ባየልኝ። ሌሎቹ መኪኖች ሲፈተለኩ እሱ ቆሞ አሳለፋቸው፤ የቸኮለ ይለፍ አለ። ኩርባ ላይ ክላክስ ፈለገ፣ የለም፣ በአፉ ነፋ። ቁልቁለቱን እንቁላል እንደጫነ ሰው ወረደ። ከላይ ቀይ ቁጥር ወደ ኋላ ይቆጥር ነበርና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰዓት ነው አልሁት። ሰዓት የመናኸሪያ ነው፣ ቁልቁለት ሰዓት የለውም አለ። ሰዓቱ አለቀ። ጨዋታው መኪናዋን ቀጥ አድርጎ አስወጣው።

«መሐል መንገድ የሚያስወርደኝ ማን ነው? ሰው ጭኛለሁ» ብሎ ተነሥቶ ጓዳ ገባ።

ተናዷል። ከክረምት ወዲህ ከራሱ እጅ ሌላ ነገር ሲያናድደው ይኸ የመጀመሪያው ነው። ደግሞ እውነቱን ነው። ጥንቃቄን ስንፍና ብሎ የሚቆጥር ጨዋታ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? ሹፌሩን መቀየር አይቻልም። ጨዋታውን መቀየር ግን ይቻል ይሆን?

ቅዳሜ

ይቻላል። አቤት፣ እንዴት ደስ ይላል።

ጨዋታ ማለት ለካ ሆዱ ሲገለጥ ቁጥር በቁጥር ነው። የመኪናዋ ፍጥነት ቁጥር፣ የሰማዩ ቀለም ቁጥር፣ ሰዓቱም ቁጥር። ሰዓቱ የትኛው እንደሆነ ካገኘኸው አትቆጠር ልትለው ትችላለህ። በስልኬ ከሩቅ አገር ሰዎች ቪዲዮ ስመለከት ነው ያወቅሁት፤ ንግግራቸውን ግማሹን እሰማለሁ፣ እጃቸውን ግን ሙሉ በሙሉ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ፦ ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ። ጋሼ በጎን አይቶ በረዶ ሊጥል ነው አለ። ሁለተኛው፦ መኪኖቹ ሁሉ ጎማቸውን አጡ፤ ያለ ጎማ እንደ ሳሙና እየተንሸራተቱ ይሽቀዳደማሉ። ይኸን ለመተው ከብዶኝ ትንሽ ሳየው ቆየሁ። ሦስተኛው ፋይሉን ገደለው፤ ደግነቱ ቅጂ አስቀምጬ ነበር። ከዚያ ብዙ ሙከራ፣ ብዙ ሻይ። በመጨረሻ ቀዩ ቁጥር ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጋሼን ና፣ ያን ያስወረደህን ባለሥልጣን አባርሬልሃለሁ አልሁት። ተቀመጠ። ወረደ። ሁሉም ጨርሰው ከሄዱ በኋላ፣ አንድም ቦታ ሳይነካ፣ በእርጋታ ታች ደረሰ። መጨረሻ ወጣ። አንድም ሰው አልተጎዳም አለ። ጽሑፉን ልፍቅ ቃል ገብቼ ነበርና ፍቄ በምትኩ «ሞላ አሁንም ይበልጣል» ብዬ ጻፍሁ።

ዋናው ግን ሲነዳ ያየሁት ነው። ቀጥ ባለው ቁልቁለት ላይ፣ ከገደሉ አፍ፣ ግራ ጣቱ ፍሬኑን ይዞ ሳለ ጋቢው በቀኝ በኩል ተንቀሳቀሰ። ትከሻው ወደታች ወረደ። ክንዱ ከወንበሩ ጎን የሆነ ነገር ፈለገ። እሱ አላወቀውም። እኔ ግን ስንት ዘመን አጠገቡ ተቀምጬ አንኮበር ወርጃለሁና ምን እንደሚፈልግ ዐወቅሁ። የእጅ ፍሬኑን ነው።

ሮጬ ብስክሌት ጠጋኙ ዘንድ ሄድሁ። ከአሮጌ ብስክሌት መሪ ላይ የፍሬን እጀታ ፈትቶ ሰጠኝ፤ በጣቶች ጨብጠህ ወደ ራስህ የምትስበው ዓይነት። ኳስ መጨበጥ ማለት ከዚህ በምን ይለያል?

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ሥራ የለም ይላሉ። ይኸ ሥራ አይደለም፣ ተንኮል ነው።

እጀታውን በአጭር እንጨት ላይ አሠርሁና እንጨቱን ከወንበሩ ቀኝ ጎን በብሎን አጣበቅሁ። የገዛ ወንበሬን በሳሁ። ለወንድም የሚከፈል ነው። ስፕሪንጉን አላላሁት፤ የደከመ ጣት ትንሽ ቢስበው ሽቦ ከሽቦ እንዲነካካ። ከዚያ በግራው በኩል ያለውን የፍሬን ሽቦ በፒንሳ ቀጭ አደረግሁ።

ጋሼ ተቀምጦ ትንሽ ነዳና ፍሬኑ እምቢ አለው። ፍሬን በጥሷል አልሁት፣ ሳቄን ዋጥ አድርጌ። የእጅ ፍሬን አለልህ። እጀታውን አየው። አዲስ የተቀጠረ ረዳት እንደሚያይ አየው። ቀኝ እጁ ጋቢው ውስጥ ነው።

ቁልቁለቱ መጣ። ግራ እጁን ከመሪው አንሥቶ በደረቱ ላይ አሻግሮ እጀታውን ሊይዝ ሞከረ። መሪዋ ያልተያዘ መኪና የት ትሄዳለች? ገደል ገባች። ስንት ሰው ነበር ብዬ ጠየቅሁት። ዝም በል አለኝ። ፊቱ ተለዋውጧል። ጨዋታ መሆኑን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ አንድም መኪና ገደል ያልከተተ ሰው ነው። አበዛሁት መሰለኝ። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ፣ ተወው አለ። እንደገና አስጀመረው።

ፍሬ ምሳ ይዛ ገብታ በር ላይ ቆማለች። ያንኑ ኩርባ አለፈ። ያው ቁልቁለት መጣ። ጋቢው ተከፈተ። ቀኝ እጁ ወጣ፤ ከሳ ብሏል፣ ነጣ ብሏል፤ እጀታው ላይ ወደቀ ማለት ይሻላል፣ አረፈ ከማለት። አመልካች ጣቱ ተቆለመመ። ቆየ። ከዚያ ሁለተኛው ተከተለው፣ እንደ ዛገ ማጠፊያ። እጀታው ቀጭ አለ። መኪናዋ ገደሉ አፍ ላይ ዘገየች፣ ዞረች፣ ወረደች።

ፍሬ የያዘችው ሳህን ዘንበል ብሎ ወጡ ጫፍ ደርሷል፤ አላየችውም።

ጋሼ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ «ፍሬንህ ላልቷል፤ አጥብቀው» አለኝ።

ፒንሳ ላምጣ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ፒንሳው ኪሴ ውስጥ ነበር። ጓሮ ትንሽ ቆይቼ ተመለስሁ።

ሰኞ

ነገሩን ላጋንን አልፈልግም። ብርጭቆ አያነሣም። ከጥቂት ጉዞ በኋላ ጣቶቹ ይደክሙና አይታዘዙም፤ ያን ጊዜ ይናደዳል፣ እኔ ላይ ይጮሃል፣ እኔም መልሼ እጮሃለሁ፣ ከዚያ ያርፋል። ፍሬ ጠዋት ለባለሙያው ደውላ ነገረችው። ሳቀ አለች። ቀጥሉበት፣ ግን አታድክሙት ብሏል። ስፕሪንጉን በየጊዜው በጥቂቱ አጥብቁትም ብሏል። ጋሼ ይኸን ትናንትና ከሐኪም ቀድሞ ብሎኛል፤ እንዳልነግረው አፌን ይዣለሁ፣ ይኮራብኛል።

አሁን ይኸን የምጽፈው አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ወንበሩን ትቼለታለሁ፤ ብሎን የበላው ወንበር ከእንግዲህ የኔ አይደለም። እሱ ይነዳል። ማዘዝም ጀምሯል፦ ኩርባዋ ከአንኮበር በታች ያለችውን አትመስልም፣ ዛፉ በዝቷል፣ መንገዱ ጠብቧል፣ ክላክስ ይግባልኝ። ክላክሱን እያሰብሁበት ነው። የበግ ድምፅ ባስገባለትስ? ፋይሉ ውስጥ ድምፆቹ የት እንደሚተኙ ትናንት አይቻለሁ።

በር ተንኳኳ።

ማንንም አልጠበቅንም። አስካለ ገበያ ናት፣ ፍሬ ሥራ ላይ። ከውጭ የሽማግሌ ድምፅ፣ «አሰላሙ ዐለይኩም፣ የሹፌር ጌታነህ ወንድም ቤት ይኸ ነው?» ይላል። ድምፁን ጋሼ ከኔ ቀድሞ ለየው፤ ሐጂ ኑሩ ብሎ አንሾካሾከ። የአሊዩ አምባው ነጋዴ ናቸው፤ በገበያ ቀን ሁሉ ከሹፌሩ ጀርባ ያለችውን መቀመጫ የሚይዙ፣ እስኪደርሱ ድረስ ከጋሼ ጋር ሲከራከሩ የሚወርዱ። በዚያ ዕድሜ ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው መጡ ማለት ነው። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። እኔ አይደለሁም።

ጋሼ እጀታውን ሳበና መኪናዋን ጥግ አስይዞ አቆማት። የጓዳውን በር አየ። እኔም አየሁት። ተኝቷል ልበላቸው ወይስ ምን ልበል ብዬ ፊት ፊቱን እያየሁ ይኸን እሞነጭራለሁ። አልተነሣም። ጋቢውን በግራ እጁ ወደ ትከሻው መለሰው። ቀኝ እጁ አሁንም እጀታው ላይ ነው።

«ክፈትላቸው እንጂ፤ ሽማግሌ ደጅ አቁመህ ምን ትጽፋለህ?» አለኝ።

ልክፈት።